እርሾ በቀይ ክብ ውስጥ

"ዛሬ ቀዩ ማን እንደሆነ ማንበብ አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ዓይን አላችሁ" አለ የሽያጭ ኃላፊው፣ ጣቱን ወደ ግድግዳው ስክሪን ቀስሮ።

ዓይንስ ነበራቸው። አሥራ አንድ ሻጮች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አሥራ አንድ ፎቶ ያያሉ። ሰባቱ በአረንጓዴ ክብ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱ በቢጫ፣ አንዱ ብቻ በቀይ። በቀዩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ፎቶው ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና የተኛ ይመስላል። እሱም ቢሆን እዚያው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያየዋል።

ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁሉም "እርሾ" ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ኩባንያው ለዳቦ ቤቶች ከእርሾ በቀር የሚሸጠው ነገር ባልነበረው ጊዜ፣ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ በየበሩ ያንኳኳ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ኩባንያው የሊጥ ማቡኪያም፣ ትልልቅ ምድጃም ይሸጣል፤ ስሙ ግን እንደ ተለጠፈበት ቀረ። ሚስቱ እንኳ ሲበሳጭ ስታየው "ዛሬም ኩፍ አልክ" ትለዋለች።

"ጋሼ" አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ በማድረጉ ደግሞ ሁሉም ጆሮውን አቆመ። "ሕጉን ያውቁታል። ሁለት ወር በተከታታይ ቀይ የሆነውን ሰው የሚያሰናብተው ሲስተሙ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አንድ ምድጃ ብቻ። አንድ።"

"አንድ ዳቦ ግዛልኝ የምትለኝ አስመሰልከው እኮ" አለ እርሾ።

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ በሕይወቱ ለአንድም ዳቦ ቤት አንድም ነገር ሸጦ አያውቅም፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። እሱንም የሚያስፈራው ሌላ ፎቅ ላይ የተሰቀለ ሌላ ስክሪን አለ።

ሲስተም የሚሉት ከስምንት ወር በፊት የገባውን የሽያጭ ሶፍትዌር ነው። ሻጮቹ በመካከላቸው "አማት" ይሉታል። የት ነበርክ? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት ቆየህ? ለምን አልገዙም? ስልክህን ይዘህ አንድ ቦታ ሩብ ሰዓት ከቆየህ ደግሞ "ደህና ነዎት?" ብሎ ይጠይቅሃል፤ መልስህን ግን አይጠብቅም። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገሩ መጥፎ አልነበረም። ፀጉር ቤት ተቀምጠው "ሦስት ደንበኛ ጎበኘሁ" የሚሉት ተጋለጡ። በየኪሱ እየተረሳ የሚቀር ትዕዛዝ ቀረ። እርሾም ይህን አይክድም፤ ዕቃ የሚዘገይባቸው ደንበኞቹ ስድብ ስለቀነሰለት በመጀመሪያው ወር ደስ ብሎት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከደብተሮቹ ነው። ሁሉም ሻጭ ስለ ደንበኞቹ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲያስገባ ታዘዘ። ሌሎቹ "ጥሩ ደንበኛ" ወይም "ነገረኛ" ብለው አለፉት። እርሾ ግን አሥራ ዘጠኝ ደብተር ነበረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በሁለት ጣት እየለቀመ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱን እዚያ ውስጥ ገለበጠው። በደብተሩ ላይ ይጽፍ እንደነበረው፣ ለራሱ እንደሚያወራ አድርጎ ጻፈ። ደብተሩን ከእሱ ሌላ ያነበበ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ይህንንም ሌላ ሰው ያነበዋል ብሎ አንድ ቀን እንኳ አላሰበም።

ስብሰባው ሲበተን አዲሷ ሻጭ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀልጣፋና ከልቧ ትሁት ናት። በአረንጓዴው ረድፍ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት? ሽያጩ እኮ አለቀልዎት።"

"የምን ሽያጭ?"

"ባለ ዳቦ ቤቷ ናታ፣ ባሏ የሞተባት። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ገጠር ወጥተው ስለነበር ሲስተሙ እኔን ላከኝ። ትልቁን የኤሌክትሪክ ምድጃ ልትወስድ ነው። ቅጹን ትቼላት መጥቻለሁ፤ ደንበኛዋ በእርስዎ ስም ስለሆነች የሚቆጠረው ለእርስዎ ነው። ሄደው ማስፈረም ብቻ።"

እርሾ ቆመ። ሴትዮዋን ያውቃታል። ከስድስት ዓመት ወዲህ ብቻዋን የምትሠራ፣ በአንድ የጋዝ ምድጃ የሚሠራ ትንሽ ዳቦ ቤት ያላት ሴት ናት።

"ትልቁን? መብራቷ እኮ አይችለውም። ያ ምድጃ የፋብሪካ መስመር ነው የሚፈልገው።"

"ስለ መብራት ሲስተሙ ላይ ምንም የለም።"

"ማስታወሻው ላይ ጽፌዋለሁ!"

"የእርስዎ ማስታወሻ ረጅም ነው፣ ጋሼ። ሲስተሙ አሳጥሮ ለእኛ ሦስት መስመር ነው የሚያወጣልን።" ስልኳን አውጥታ አሳየችው።

አነበበው። የመጀመሪያው መስመር ባሏ የሞተበትን ቀን ይዞ "በዚህ ቀን ይደወልላት" ይላል። ሁለተኛው "ማታ በር ዘግታ ብቻዋን መግባት ትጠላለች" ይላል። ሦስተኛው "የጠየቃትን እምቢ ማለት አይሆንላትም" ይላል፤ ከጎኑ አምስት ኮከብ አለው፣ "ለመግዛት ዝግጁ" የሚል። እርሾ የጻፈው "በዚያ ቀን ትዕዛዝ አትጠይቅ፤ ስለ ባሏም አታንሳ፤ ዝም ብለህ አብረሃት ተቀመጥ" ብሎ ነበር። እምቢ ማለት አይሆንላትም ያለውም "ስለዚህ የማይጠቅማትን እንዳትሸጥላት፤ መብራቷ ትልቁን ምድጃ አይችልም" ለማለት ነበር። ሶፍትዌሩ የሚስማማውን ወስዶ የቀረውን ጥሎታል።

"ይሄንንስ የሚያየው ማን ነው?" አላት።

"ሁላችንም ነን፣ ጋሼ። በጣም ጠቅሞናል።"

ወደ ኃላፊው ክፍል ተመልሶ ገባና ነገሩን አስረዳው። ኃላፊው እስከ መጨረሻው ሰማው።

"ጋሼ፣ ምርጫው የእሷ ነው። ቅጹ ላይ 'ለመብራቱ ኃላፊነቱ የገዢ ነው' ይላል። ከፈረመች በኋላ መመለስም የለም። እርስዎ ባያስፈርሟት እኔ ሌላ ሰው እልካለሁ፤ ያኔ ምድጃውም ይሸጣል፣ እርስዎም ይሄዳሉ። ማን ይጠቀማል?"

እርሾ በሩን ስቦ ወጣ።

ታክሲ ውስጥ ሳለ ሚስቱ ደወለችለት። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው የምትኖረው፤ ከዓመት ወዲህ ግን ዓይኗ መርፌ ማየት ስላቃተው ክር የምታስገባላት የጎረቤት ልጅ ናት።

"እሺ፣ ምን ተገኘ?"

"አንድ ምድጃ አለ።"

"እሰይ! እኔ ምን አልኩህ? ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ እኮ..."

"ሴትዮዋን ግን ያከስራታል።"

ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ እንዳይሰሙት እርሾ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"አንተ ብትባረርስ?" አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። "በዚህ ዕድሜህ ማን ይቀጥርሃል? እኔ እንደሆንኩ እያየኸኝ ነው። ክፉ ሁን አላልኩህም። ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ሌላ ሰው ማሰብ ብትተው ምን አለ?"

"እሺ" አላት። እሺ ያላት ዝም እንድትለው ብሎ ነው። ወዲያው ደግሞ እውነቷን እንደሆነ አሰበ።

ዳቦ ቤቷ ሦስት ደረጃ ወርደው የሚገቡባት ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት የመስታወት ማሳያ፣ ከኋላ ዱቄት የጠጣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አሮጌው የጋዝ ምድጃ። የምድጃው በር እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በሽቦ ታስሮ ነው የሚከፈተው። የውስጥ ሸክላውን ራሱ እርሾ ነበር ያስቀየረላት። ሌላ ሃያ ዓመት ይሠራል።

ባለ ዳቦ ቤቷ ገና ስታየው እጇን በሽርጧ ጠረገች። ስልሳን ያለፈች፣ ክንዷ እንደ ወንድ የጠነከረ፣ ድምፅዋ ግን ቀጭን የሆነ ሴት ናት።

"ውይ፣ ምነው ጠፋህ? ና፣ ተቀመጥ። ወረቀቱን ልትወስድ ነው አይደል? እያየሁት ነበር፤ ጽሑፉ ደቅቆብኝ ነው እንጂ።"

እርሾ ሁልጊዜ የሚቀመጥባት የዱቄት ጆንያ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ሁሉንም ትቶ ቀጥታ ገባበት።

"እትዬ፣ ይሄን ምድጃ እንዳይገዙ ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

ሳቀች። "ሻጭ 'አትግዙ' ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ። አሞሃል እንዴ?"

"መብራትዎ አይችለውም። ይሄ ሰፈር ያለው አምፖልና ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅስ መብራት ነው። ትልቁን መስመር ለማስገባት ማመልከቻ አስገብተው ዓመትም፣ ሁለት ዓመትም ሊጠብቁ ይችላሉ። እኛ ደግሞ አሮጌውን ወስደን ነው አዲሱን የምናስገባው። እስከዚያ በምን ሊጋግሩ ነው? ከድልድዩ ማዶ ይሄንኑ ምድጃ የገዛውን ዳቦ ጋጋሪ ያስታውሱታል?"

"ያ ወፍራሙ?"

"እሱው። ዛሬ ጫማ ነው የሚሸጠው። ምድጃው ከብዶ አልወጣ ስላለው ጫማ ደርድሮበታል።"

"አንተ ደግሞ!" አለች፤ ግን ፈገግታዋ ሳሳ። "ልጅቷ 'ኩባንያው ተሯሩጦ ያስገባልዎታል' ብላኛለች።"

"ኩባንያው ለራሱ ቢሮ እንኳ ማስገባት አቅቶት በጄኔሬተር ነው የሚሠራው።"

"እንግዲያ ዋሸችኝ ነው የምትለው?"

"ዋሸች አልልም። አታውቅም ነው የምለው።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። የመስታወቱን ማሳያ በጨርቅ መወልወል ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለችው። "ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ስድስተኛ ዓመቱን ደፈነ። ጠዋት ገና እጄን ሊጥ ውስጥ እንደነከርኩ ስልክ ጮኸ። ከልጆቼ አንዱ ነው ብዬ በሊጥ እጄ አነሳሁት። ልጆቼ አይደሉም። ያቺ ልጅ ናት። 'እትዬ፣ ዛሬ ከባድ ቀን እንደሆነብዎት አውቃለሁ፤ እንዴት አደሩ?' አለችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ራሷ መጣች። ምሽት ላይ ሳንቃውን አብራኝ ዘግታ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ። ስለ እሱ ጠየቀችኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር አለችኝ። ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለች ልጅ ክፉ አትመክረኝም።"

እርሾ አንገቱን ደፋ። አሁን ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው። አንዱ ዝም ማለት ነው። ዝም ካለ ትፈርማለች፤ እሱም ሥራው ላይ ይቆያል፤ ሚስቱም እፎይ ትላለች። ሌላው ያ ደግነት ሁሉ ከየት እንደመጣ መንገር ነው። ከነገራት ግን ያስታወሳትን ብቸኛ ሰው ይነጥቃታል።

"እትዬ፣ ቀኑን ለልጅቷ ያስታወሳት ስልኳ ነው።"

"ስልኳ ምን ያውቃል?"

"ስልኩ ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለቤትዎ የሞቱበትን ቀንም፣ ማታ በር ዘግተው ብቻዎን መግባት እንደሚጠሉም፣ እምቢ ማለት እንደማይሆንልዎትም። ለሥራ ብለው አስገባ አሉኝ፤ አስገባሁ። ሰው ያነበዋል አላልኩም። እሷ እሱን አንብባ ነው የመጣችው። ይቅር ይበሉኝ።"

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። በጨርቁ ትመታኛለችም ብሎ አሰበ፤ ቢሆን ደስታው ነበር። እሷ ግን ጨርቁን አስቀምጣ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

"ቀኑን አንተ ታውቀው ነበር?"

"አውቀው ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ዓመት።"

"ቆይ" አለች፤ ድምፅዋ ይበልጥ ቀጠነ። "በየዓመቱ በዚያ ቀን ትመጣ ነበር። እኔ አጋጣሚ ይመስለኝ ነበር።"

"አጋጣሚ አልነበረም።"

"እዚቺ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ... ስለ እርሾ ነው ያወራኸኝ! የእርሾ ዋጋ ጨመረ፣ የእርሾ ካርቶን ተቀየረ። አምስት ዓመት! እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ እንባዬን እየጠረግኩ 'አሃ፣ እንዲህ ነው?' እልሃለሁ። እያወቅክ ነው ለካ!"

"እንዳላሳዝንዎት ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ያላዘንኩ መስሎህ ነው?"

አንዲት ደንበኛ ገብታ አራት ዳቦ ጠየቀች። ባለ ዳቦ ቤቷ ቆጥራ በከረጢት አድርጋ ሰጠቻት፣ መልሷንም መለሰችላት፣ "በደህና ዋይ" ብላም ሸኘቻት። ከዚያ ከጠረጴዛው መሳቢያ ቅጹን አወጣች። ሁለት ቅጂ ነው፤ በመካከሉ ካርቦን አለው። ብዕሩን ከጆሮዋ ላይ አንስታ፣ ሳትቸኩል፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቀረጸች ፈረመች።

"እትዬ፣ በእኔ ተናደው በራስዎ ላይ አይፍረዱ።"

"አልተናደድኩም። እሷ ከስልክ አንብባም ቢሆን ጠይቃኛለች። አንተ በልብህ ይዘኸው ዝም አልከኝ። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ማመን ካለብኝ እሷን ነው የማምነው።" ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። "ያንተን ቦታ ሙላና ውሰድ። ከዛሬ ወዲያ ደግሞ እሷ ትምጣልኝ።"

የእርሾ ዓይን አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ፊርማዋን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሸጥ ያልተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ አሳዝኖት ያውቃል፤ የተገዛ ዕቃ እንዲህ ሲያቃጥለው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ጨዋነት ነው ብሎ የያዘው ዝምታ ለካ ለእሷ ምንም አልነበረም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኃላፊው ነው። "ፈረመች? መኪናውን ለነገ ጠዋት ይዤልዎታለሁ። መረከቢያውን ነገ ብለው ይሙሉት። አሮጌው ምድጃ ካልተነሳ ሽያጩ ለዚህ ወር አይቆጠርም።"

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወጣና ቅጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመረ። አልፈርምም ብሎ ቢወጣ ኃላፊው ራሱ ይፈርማል፤ ነገ ጠዋት ሦስት ደረጃ ወርደው አራት ጎበዞች ይመጣሉ፤ ከነገ ወዲያ እዚህ ቤት ዳቦ የለም። ቅጹን ቀድዶ ቢጥለው ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይዛ ትመጣለች። ከፊርማዋ በታች ለሻጭ የተተወው ክፍት ቦታ ሁለት ነው፤ አንዱ ፊርማ፣ ሌላው "የአሮጌው ምድጃ መረከቢያ ቀን" የሚል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል "ከዘጠና ቀን የማይበልጥ፤ ከተጻፈው ቀን በፊት አይነሳም" ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ሻጭ እዚያ ላይ "ነገ" ብሎ ነው የሚሞላው፤ እሱም ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዱቄት ፋብሪካ ካላንደር አየና ወር እየገለጠ፣ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። በዘጠና ቀን ውስጥ መስመሩ እንደማይገባ ያውቃል። ሴትዮዋ ሐሳቧን ብትቀይርም ቅጹ እንደማይፈታላት ያውቃል። ዘጠና ቀን ዘጠና ጠዋት ዳቦ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይደለም። ከነገ ወዲያ ማታ ወሩ ሲዘጋ ፎቶው ከነቀይ ክቡ ከግድግዳው እንደሚነሳም ያውቃል። ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ብቻ አያውቅም።

ዘጠናኛውን ቀን ጻፈ። ቁጥሩ ካርቦኑን አልፎ ከታች እንዲወጣ ብዕሩን ጫን አድርጎ ጻፈው፤ ከዚያ ፈረመ።

ባለ ዳቦ ቤቷ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየችው። "ምነው እንዲህ አራቅከው? ልጅቷ እኮ ወዲያው ነው ያለችኝ።"

"መኪና የለም፣ እትዬ" አላት።

የታችኛውን ቅጂ ከካርቦኑ ለይቶ ሰጣት። ተቀብላ ወደ መሳቢያው ልትወረውረው ስትል እጇን ያዘው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እጇን ነክቶ አያውቅም።

"ይቺን ወረቀት ለማንም እንዳይሰጡ። ነገ ቢመጡ ቀኑን ያሳዩዋቸው።"